ከሰልፉ ያስወጣኋቸው ልጆች

ይህ ነገር የሆነው ከተማችን ጋምቤላ አገር አቀፉን የጎዳና ካርኒቫል ባስተናገደች ጊዜ ነው። ሌላው ሰው ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው ከበሮውን፣ ከየክልሉ የመጣውን እንግዳና የአልባሳቱን ቀለም ነው። እኔ የማስታውሰው ስድስት ልጃገረዶችን ነው። ከስድስቱ አንዷ የገዛ ልጄ ናት። የምጽፈው ማንም እንዲያዝንልኝ ብዬ አይደለም። በከተማችን ብዙ ሰው ታሪኩን የሚያውቀው በተሳሳተ መንገድ ነው፤ እንዲሳሳት ያደረግኩትም እኔ ነኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ ሲመጡ ገና ልጅ ነበርኩ። ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የቀረውን ከሰው በተዋስኩት መጽሐፍ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። አራት ልጆች አሳድጌአለሁ። ቤቴ ውስጥ ስድብ አይሰማም፣ ከመሸ የሚገባ የለም፣ ትልቅ ሰው ሲመጣ ተቀምጦ የሚቀር የለም። ኒውላንድ ሰፈር ያለችው ሱቄ በር ላይ ሲጋራ ይዞ የሚያልፍ ጎረምሳ እኔን ካየ እጁን ወደ ኋላ ይደብቃል። የሰፈሩ ሰው ስለ ሥነ ምግባር ጉዳይ ሲኖረው ወደ እኔ ይመጣል። ይህን ስጽፍ እንኳ ትንሽ ኩራት ይሰማኛል፤ ስለዚህ ከሆነው ነገር አልተማርኩም ማለት ነው።

ካርኒቫሉ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው የትምህርት ቤቱ የውዝዋዜ አሠልጣኝ መምህር ኦባንግ ወደ ሱቄ መጣ። ስድስት ተማሪዎች የክልላችንን ባህል ወክለው በሰልፉ ይጨፍራሉ። ሁለቱ የአኙዋ፣ ሁለቱ የኑዌር፣ ሁለቱ ደግሞ እንደ ልጄ እንደ ትዕግሥት የሰፋሪ ልጆች ናቸው። ልብሳቸውን እንድሰፋ ፈለገ። ልብሱ እዚህ አገር ሴቶች በአንድ ትከሻቸው ላይ ቋጥረው የሚለብሱት ሰፊ ጨርቅ ነው። ጫፉን ከማጠፍ ሌላ ሥራ የለውም።

"ከሥር ሸሚዝ እጨምራለሁ" አልኩት። "እጅጌ ያለው።"

"ጋሽ ሞላ፣ ይሄ እኮ ልብሳችን ነው። እናቴ ይሄን ለብሳ ነው ቸርች የምትሄደው።"

"እናትህ ትልቅ ሰው ናቸው። እነዚህ ልጆች ናቸው።"

"ልጆች ከሆኑ ታዲያ በክፉ የሚያያቸው ማን ነው?"

ሜትሬን አንሥቼ ጨርቁን መለካት ጀመርኩ። ሸሚዙንም ሰፋሁት፤ ስድስት ነጭ ሸሚዝ፣ እስከ ክርን እጅጌ ያለው። ኦባንግ ሲረከበኝ እየሳቀ "በዚህ ሙቀት ልጆቼን ልትቀቅላቸው ነው" አለ። ቀልድ መስሎኝ አብሬው ሳቅኩ።

በዚያው ሰሞን ቀበሌው ለካርኒቫሉ ሥነ ሥርዓት አስከባሪ የሚሆኑ ሽማግሌዎች ሲመርጥ እኔም ተመረጥኩ። ቢጫ ሰደርያና ደረት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ ተሰጠን። ሥራችን ተመልካቹ ገመዱን አልፎ ወደ ሰልፈኛው እንዳይገባ መጠበቅ ነበር። የተመደብኩት ከባሮ ድልድይ ወደ ከተማው በሚገባው መንገድ መሐል፣ አንድ ጠባብ መንገድ ወደ ውስጥ በሚገባበት ማዕዘን ላይ ነበር።

በዕለቱ ፀሐይዋ ምሕረት አልነበራትም። ሰልፈኞቹ ከጠዋት ጀምሮ ድልድዩ አጠገብ ቆመው ተራ ሲጠብቁ ነበር። የልጆቹ ሸሚዝ በላብ ተጣብቆባቸው፣ መንገድ ዳር የተቀመጡ አሮጊቶች "እነዚህ ልጆች ታመው ነው እንዴ በሙቀት ሁለት ልብስ የደረቡት?" እያሉ ሳቁባቸው። ይህን ልጄ በኋላ ለእናቷ ስትነግራት ነው የሰማሁት። ስለዚህ ሸሚዛቸውን አውልቀው በአንድ ከረጢት ከተቱት። እኔ ወደቆምኩበት የደረሱት እንደ እናቶቻቸው ጨርቁን በአንድ ትከሻ ቋጥረው፣ አንገታቸው ላይ ጨሌ አድርገው ነው።

ከገመዱ ጀርባ ዐሥር የሚሆኑ ጎረምሶች ነበሩ። የማን ልጆች ናቸው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ያጋጥመኛል፤ የሁላችንም ናቸው። በሦስት ቋንቋ ሲቀላለዱ ሰምቻቸዋለሁ። አንዱን ቤተ ክርስቲያን ከአባቱ ጋር ሲያስቀድስ አውቀዋለሁ። ለሚያልፉት ሴቶች ሁሉ ያፏጫሉ፣ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይረጫሉ፣ በገመዱ ሥር እጃቸውን ይሰዳሉ። እጃቸውን አይቻለሁ። አላየሁም ብዬ መዋሸት እችል ነበር፤ ግን አይቻለሁ።

ሰልፉ ትንሽ ቆም ሲል ኛጃል ወደ እኔ መጣች። ኛጃል የልጄ ጓደኛ ናት፤ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ናቸው። እኛ ቤት ስንት ጊዜ በልታለች።

"አባ፣ እነዚያ ይነኩናል። እምቢ ስንል ውሃ ይደፉብናል። አንተ ንገራቸው።"

እኔ የማየው የልጅቷን ባዶ ትከሻ ነበር።

"ሸሚዛችሁ የት አለ?"

"ይሞቃል፣ አወለቅነው።"

"ታዲያ ምን ጠብቃችሁ ነበር?" አልኳት።

ትዕግሥት ከኋላዋ መጥታ "አባዬ፣ እባክህ ተወን፤ ሰው እያየን ነው" አለችኝ። ሰው እያየ በመሆኑ የባሰ ተናደድኩ። በሰው ፊት የእኔ ልጅ፣ እኔ የሰፋሁትን አውልቃ። "ስድስታችሁም ከሰልፉ ውጡ" አልኳቸው። ገመዱን በገዛ እጄ ከፍ አድርጌ አሳለፍኳቸው። ከጎረምሶቹ አንዱ "ጎበዝ ጋሽዬ፣ ልክ አስገባቸው" አለ። ሌሎቹ ሳቁ። የምጽፈው ሁሉ እውነት እንዲሆን ይህንንም ልጻፍ፤ ልጁ ስላበረታታኝ ደስ አለኝ። ዛሬም ሥርዓት የሚገባው ወጣት አለ ብዬ አሰብኩ።

በጠባቡ መንገድ በኩል ከኋላ ያለውን ያላለቀ ሕንፃ አሳየኋቸው። "እዚያ ግቡና ለብሳችሁ ኑ። ሳትለብሱ እንዳትመጡ።" ኛጃል አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ሄደች። ወደ ገመዴ ተመለስኩ። ጥቂት ቆይቼ ቀና ስል ጎረምሶቹ ከቦታቸው የሉም። ጥሩ፣ ተገላገልኩ አልኩ።

ከሌላ ክልል የመጣ ቡድን አለፈ፤ ሌላም ተከተለ። ከዚያ ኦባንግ በላብ ተጠምቆ ከፊት እየሮጠ መጣ።

"ጋሽ ሞላ፣ ልጆቼስ? የእንግዶቹ ፊት ልንደርስ ነው።"

"ልብስ ሊለብሱ ሄደዋል።"

"የት?"

በእጄ አሳየሁት። ኦባንግ መንገዱን አየ፣ ጎረምሶቹ የነበሩበትን ባዶ የገመድ ጥግ አየ፣ ከዚያ መሮጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ተከትዬው ሮጥኩ።

ከሕንፃው አጠገብ ስንደርስ ጎረምሶቹ ሲበታተኑ ነበር። ያባረረቻቸው በቆሎ የምትጠብስ አንዲት ሴት ናት። ከስደተኞች ካምፕ የመጣች መሆኗን በኋላ ሰማሁ። ፍሙን የምትቆሰቁስበትን ብረት በእጇ እንደያዘች በር ላይ ቆማ በቋንቋዋ ትጮህ ነበር። ከልጆቹ አራቱ ግድግዳ ተደግፈው ተቃቅፈዋል። ትዕግሥት ጨሌዋ ተበጥሶ ሲሚንቶው ላይ ተበትኗል፤ ክንዷ ላይ የጣት ምልክት አለ። ኛጃል መሬት ላይ ተኮራምታለች። ቋጠሮዋን ፈትተው ጨርቁን ይዘውባት ሄደዋል። ሲያደርጉት አንዱ በስልክ ይቀርጽ ነበር። ከዚያ የከፋ ነገር አልደረሰባቸውም፤ ሴትየዋ ስለደረሰች ነው እንጂ እኔ ስለደረስኩ አይደለም።

ኦባንግና እኔ በሩ ላይ ቆመን ምን እንደምናደርግ ጠፋብን። ሴትየዋ ብረቱን ጣለችው። የራሷን ጨርቅ ከትከሻዋ ፈትታ ኛጃልን ጠቀለለቻት። ራሷ በአሮጌ ካኔቴራና በውስጥ ልብሷ ቀረች። ትልቅ ሴት፣ በቀን፣ ወንዶች ፊት። አላፈረችም፤ ወደ እኛም አላየችም። ልጅቷን ደግፋ አስነሥታ፣ በዚያው ሁኔታ መንገዱን ይዛት ወጣች። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰውን ገላ ለመሸፈን ስሰፋ ኖሬአለሁ። ሰው ሲሸፈን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ልጆቹን በባጃጅ ወደየቤታቸው ላክናቸው። ማታ ትዕግሥት ራት አልበላችም። "ምን ሆናችሁ?" እያለች እናቷ ስትጠይቃት ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ እኔ ግን አንድ ቃል አላነሣችም። በመጋረጃው ወዲያ ሆኜ እሰማ ነበር። ልጄ እየሸፈነችኝ ነው። ወጥቼ "ያስወጣኋችሁ እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ግምገማ ተጠራ። እንደሚታወቀው ከእንዲህ ያለ በዓል በኋላ ኮሚቴው ተቀምጦ ጠንካራና ደካማ ጎኑን ያያል። ሰብሳቢው ካርኒቫሉ ያለ አንዳች የፀጥታ ችግር በደመቀ ሁኔታ መጠናቀቁን ከወረቀት አነበበ። እጄን አወጣሁ። ስድስት ልጆች ላይ ጥቃት ደርሷል አልኩ። ሰብሳቢው ከወረቀቱ ቀና አለ።

"የት ቦታ ላይ ነው ጋሽ ሞላ?"

"ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ያላለቀው ሕንፃ ውስጥ።"

"እንግዲህ እሱ ከካርኒቫሉ መስመር ውጪ ነው። እኛ የምንገመግመው መስመሩን ነው።" ወረቀቱን አስተካከለና ጨመረ፤ "ደግሞስ ልጆቹ ሰልፋቸውን ትተው እዚያ ምን ሊሠሩ ሄዱ?"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ጥያቄው እንደዚያ ተከፍቶ የቆየው ምናልባት አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። "እኔ ልኬአቸው" ለማለት ከዚያ በላይ ጊዜ አያስፈልግም። "እሱን አላውቅም" ብዬ ተቀመጥኩ። ስብሰባው ሲያልቅ ለአስከባሪዎች ምስክር ወረቀት ታደለ። ስሜ ሲጠራ ተነሥቼ ተቀበልኩ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ራሱ መንገዱን አገኘ። የተቀረጸው ጥቂት ሰከንድ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ኛጃል ብቻ ናት፤ ከዚያ በፊት የሆነው የለበትም። ልጆቹ ከሰልፉ የወጡት ከወንዶች ጋር ተቀጣጥረው ነው ተባለ። ኛጃል ናት የመራቻቸው ተባለ። ልጆቹ "ጋሽ ሞላ ነው ያስወጣን" ቢሉ ማን ይሰማቸዋል? የእኔ ስም ነው ውሸታም ያደረጋቸው። ጥብቅ ሰው በመሆኔ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ አይጠበቅም። ኦባንግም ከእኔ የሰማው ልብስ ሊለብሱ መሄዳቸውን ብቻ ነው፤ ማን እንደላካቸው አልነገርኩትም።

አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ጎረቤቴ እየሳቀ እንዲህ አለኝ፤

"ይሄን ሰማህ? እነዚያ ልጆች እኮ ያስወጣን ጋሽ ሞላ ነው ይላሉ። አንተ! ልጃገረድ ለብቻዋ ወደ ጓሮ ልትልክ! ሌላ ሰው ቢሉ ይሻላቸው ነበር።"

መርፌው ላይ አቀርቅሬ ፔዳሉን መርገጥ ቀጠልኩ። የስፌት መኪናው ድምፅ መልስ እንዳልሰጥ ረዳኝ። ትዕግሥት ጥግ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ እየተከለች ነበር። የያዘችውን ሸሚዝ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቅ መምጣት ተወች። ቤትም ሳናግራት "እሺ" እና "አይ" ብቻ ሆነ መልሷ።

ኛጃል ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። አባቷ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ጥበቃ ነው። ወሬውን እዚያ ድረስ ሰማው። መጥቶ ልጁን ወደ ኢታንግ፣ ወደ ወንድሙ ቤት ወሰዳት። ትምህርት ይብቃት፣ እዚያ ትቀመጥ አለ።

ከሳምንታት በኋላ እናቷ ሱቄ መጣች። ገበያ ውስጥ ዓሣ የምትሸጥ፣ ረጅም፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። እንደ ብዙ የከተማችን ሰው "አንተ" ትለኛለች፤ አማርኛዋ እንደዚያ ስለሆነ እንጂ ንቀት የለበትም።

"ሞላ፣ ልጄ አንድ ነገር ትላለች። ሰው ሌላ ነገር ይላል። አንተ እዚያ ነበርክ። ልጄን ማን አስወጣ?"

በሩ ላይ ሌሎች ሁለት ደንበኞች ነበሩ። ይውጡ ብዬ መጠበቅ አማረኝ። ደግሞ መጠበቅ እንደለመድኩ ታወቀኝ።

"እኔ ነኝ" አልኳት። "ሸሚዝ ልበሱ ብዬ የላክኋቸው እኔ ነኝ። እየነኩን ነው ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።"

አልጮኸችም። የደንበኛ መቀመጫው ላይ ቁጭ አለች። "ነገ ኢታንግ ሂድ" አለችኝ። "ለአባቷ ንገር። እኔን አይሰማኝም።"

ጠዋት ልወጣ ስል ትዕግሥት ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማለች። "እኔም እሄዳለሁ" አለች። በሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ስታይ ነበር።

የኛጃል አባትና ሁለት ወንድሞቹ ግቢው ውስጥ ከአንድ ዛፍ ሥር ወንበር ሰጡን። አባትየው ሚስቱ ደውላለት፣ ፈረቃውን ቀይሮ ነው የጠበቀን። ኛጃል የቤቱ በር ላይ ቆማለች። ከሳች። ትዕግሥት ወደ እሷ ልትሄድ ተነሥታ መልሳ ተቀመጠች። እኔ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተናገርኩ። ሸሚዙን፣ ኛጃል የነገረችኝን፣ የመለስኩላትን፣ ገመዱን በእጄ ማንሣቴን። የግምገማውንም ነገርኳቸው። ከወንድሞቹ አንዱ ለሌላው በቋንቋቸው ይተረጉምለት ነበር። አባትየው እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

"ስንት ቀን ሆነው?" አለ።

"ሃያ ሦስት።"

"ሃያ ሦስት ቀን አፍህ የት ነበር?"

"አፍሬ ነው" አልኩት።

"አንተ አፈርክ። እሺ። ልጄ ግን አንተን ተክታ ስታፍር ነበር።"

ከዚህ በላይ አልተናገረኝም። ከወንድሞቹ ጋር ጥቂት ተነጋገሩና "ትመለሳለች፤ ትምህርቷን ትማር" አለ። ነገሩ እንዲህ በአጭሩ አለቀ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ይህን ጊዜ ኛጃል ከበሩ ሳትንቀሳቀስ፣ ረጋ ባለ አማርኛ ተናገረች። እንድሰማው ስለፈለገች ይመስለኛል በአማርኛ ያደረገችው።

"እኔም የነገርኳችሁ ይሄንኑ ነው።"

አባቷ ወደ መሬት አየ። ማንም መልስ ስላልሰጣት ወደ ውስጥ ገባች። ትዕግሥት ተከትላት ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር፤ ምን እንደተባባሉ ጠይቄአት አላውቅም።

ኛጃል ወደ ከተማ ስትመለስ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና አልፎ ነበር። ዘንድሮ ከታናናሾቿ ጋር ያንኑ ክፍል ትደግማለች። ልጄ አንድ ክፍል ቀድማታለች፤ ከዚያ ወዲህ አብረው ሲሄዱ አላየሁም። እኔ ለኮሚቴው ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ ብዬ በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ ሪፖርቱ ቀድሞ ተልኳል ተባልኩ። ያን በቆሎ ጠባሽ ሴት ፈልጌ ነበር፤ አላገኘኋትም። ጎረምሶቹን ማንም የጠየቃቸው የለም። ቤተ ክርስቲያን የማውቀውን ልጅ አባት ሄጄ ነገርኩት፤ "ልጅነት ነው ጋሽ ሞላ" ብሎ ሸኘኝ።

ሰው "ዋናው እውነቱን መናገርህ ነው" ሲለኝ ያመኛል። እውነቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲነገር ነበር። አንዲት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ለእናቷ፣ ለአባቷ፣ ለአጎቶቿ፣ ለመምህሮቿ ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ያንኑ ቃል ስትናገር ማንም አላመናትም። እኔ አንድ ጊዜ ተናገርኩትና ወዲያው ታመንኩ። ከሁሉም ይበልጥ የዋሸሁት ግን እኔው ነበርኩ።